«ፕሮሰስ ላይ ነኝ»

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው። አርባ ምንጭ የተማርኩ የውሃ መሐንዲስ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ አንድ የግል አማካሪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ላለፉት ሰባት ዓመታት ግቤ አንድ ነው፤ ሆላንድ፣ ደልፍት ሄጄ ማስተርሴን መማር። የእንግሊዝኛውን ፈተና፣ አይኤልትስን፣ ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ። የመጀመሪያው ውጤት ሳልጠቀምበት ጊዜው አለፈበት። ሁለተኛው 118 ቀን ቀርቶታል። ለስኮላርሺፕ የሚጻፈውን ድርሰት የጀመርኩት ሁለተኛውን ፈተና የወሰድኩ ሰሞን ነው፤ እስካሁን ሦስት መስመር ላይ ነኝ። ቤቴ ውስጥ አልጋ የለም። ‹ልሄድ አይደል› እያልኩ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቼ እተኛለሁ። አራት ዓመት አብራኝ የቆየች ጓደኛዬ ከአራት ወር በፊት ገደማ ‹ካልሄድክስ?› አለችኝ፤ አልመለስኩላትም። እናቴ ለዕድርተኛው ሁሉ ‹ልጄ ሊሄድ ነው› ብላለች። ሰው ሲጠይቀኝ ‹ፕሮሰስ ላይ ነኝ› እላለሁ። አምና የማመልከቻው ቀን ያለፈ ዕለት ግን እንዴት ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰልዎት! ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰነፍ ነኝ? ወይስ ድሮም አልፈልገውም ነበር?»

ከአዲስ አበባ

እሺ ወንድሜ። «አንተ» እያልኩ ብጽፍ አትቀየመኝ፤ በዕድሜ እበልጥሃለሁ። ደብዳቤህ አራት ገጽ ነበር፤ ከላይ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። የምመልስልህ ግን የቆረጥኩትንም እየጠቀስኩ ነው፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ስለሆነ።

መጀመሪያ ስንፍናዋን ከቤት እናስወጣት። ሰነፍ ሰው በዚህ ኑሮ ከኪሱ ከፍሎ አይኤልትስ ሁለት ጊዜ አይፈተንም። ለመስክ ሥራ ሌሊት አስር ሰዓት ተነስቶ መንገድ ዳር መኪና አይጠብቅም። «ሰነፍ ነኝ» የምትለዋን ነገር የያዝካት ስለምትመች ይመስለኛል። አዎ፣ ትመቻለች! ሰነፍ ከሆንክ እኮ ህልሙ ደህና ነው ማለት ነው፤ የሚስተካከለው ያንተ ጸባይ ብቻ ነው። ህልሙን ራሱን ማንም አይነካብህም። የሚያስፈራው ሁለተኛው ጥያቄህ ነው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እርሳስ ይዤ። «ደልፍት» የሚለው ቃል አስራ አንድ ጊዜ አለ። ደልፍት ሄደህ ምን እንደምትማር ግን አንድም ቦታ የለም። የትምህርት ክፍሉ ስም እንኳን የለም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ምን አለ? የቦሌ ሽኝት። ሙሉ ገጽ! እናትህ የሚለብሱት ቀሚስ፣ የአጎትህ ምርቃት፣ ጓደኞችህ የሚያነሱህ ፎቶ። ሻንጣው ተመዝኖ «ሁለት ኪሎ ይበልጣል» ሲባል በርበሬው ወጥቶ ለእናትህ ሲመለስ። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ይኼ ሁሉ ገና አልሆነም እኮ። አንተ ግን በርበሬውን ሳይቀር መዝነኸዋል።

አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ተመልሰሃል። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «የት ነው የተማርከው?» ሲልህ፣ አንተም ቀለል አድርገህ «ሆላንድ» ስትል።

መሄድ አለ። መመለስ አለ። መሃሉ የት ገባ?

መሃሉ እኮ ነው ትምህርቱ። መሃሉ ማለት በታኅሣሥ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት አገር ነው። በዝናብ ብስክሌት እየነዱ ክፍል መግባት ነው። ምሳ ቀዝቃዛ ዳቦ በአይብ ነው። ከዚያ ማታ ተቀምጦ ስለ ደለልና ስለ ጎርፍ ስሌት ገጽ በገጽ ማንበብ፣ ያልገባህን እንደገና ማንበብ። ይኼን ስታነብ ውስጥህ ምን አለ? «ኧረ ባገኘሁት፣ ዳቦውንም እበላዋለሁ» አለ? ወይስ ሹክክ ብሎ ወደ ቦሌው ሽኝት ተመለሰ?

አማርኛችን እዚህ ጋ የሚያውቃት ነገር አለች። «ቁልፌን እየፈለግኩ ነው» ስትል ትራስ ታነሳለህ፣ ኪስህን ትደባብሳለህ፣ ወንበር ሥር ታጎነብሳለህ። «ውሃ እፈልጋለሁ» የምትለውም በዚያው ግስ ነው። የሚፈልግ ሰው እጁ አያርፍም። «መሻት»ም እንደዚያው ነው። መመኘት ግን ተቀምጠህ፣ እግርህን ዘርግተህ፣ ሻይህን ይዘህ ነው። አንተ የውሃ ሰው ስለሆንክ ደግሞ ይቺን ልጨምርልህ፤ ፈለግ በግዕዝ ወንዝ ነው፣ በአማርኛ ዱካ ነው። ወንዝ በበጋ ቢደርቅ እንኳን የሄደበት ቦይ ይታያል። ሰባት ዓመት የፈሰሰ ነገር በቀንህ ውስጥ የት የት ዱካ ጥሏል? ሁለት የፈተና ደረሰኝ አየሁ። ሦስት መስመር አየሁ። አንድ የሌለ አልጋ አየሁ።

አደራ፣ ምኞትን እያጣጣልኩ አይደለም። ምኞት ደስ የሚል ነገር ነው። እኔ ራሴ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቤት አለችኝ፤ በሐሳቤ። ሃያ ዓመት ሆናት። ጣራዋን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እሄድና አትክልት አጠጣለሁ። ማንንም አትጎዳም፤ ምክንያቱም እሷን ብዬ አሁን ያለሁበትን ቤት ሳልጠርግ አላድርም። ያንተ ግን ኪራይ እያስከፈለህ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። አንተ ከሰውዬው ብሰሃል፤ «ላሜ ልትመጣ ነው» ብለህ ከሱቅ ወተት መግዛት አቁመሃል።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት በገና ገዛሁ። በዐቢይ ጾም ሲደረደር ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ እና «ምን ይሳነኛል» ብዬ አስር አውታሩን ይዤ ቤት ገባሁ። ሳሎን ማዕዘን ላይ አቆምኩት። እንግዳ ሲመጣ «ትደረድሪያለሽ እንዴ?» ይለኛል። «እየተማርኩ ነው» እላለሁ፤ ደስ ይለኛል። ሰባት ጊዜ ሄጄ ተማርኩ። በስምንተኛው ቀን መምህሩ ደወሉና «ዛሬ አሞኛል፣ ይቅርብን» አሉኝ። «ውይ! እግዚአብሔር ይማርዎ» አልኩ። ስልኩን እንደዘጋሁ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። አስበው፣ አንድ ሽማግሌ ታመው እኔ ደስ አለኝ!

ያን ቀን ነው የገባኝ። እኔ የወደድኳት ነጭ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና በገና የምትደረድር ሴትዮ መሆንን ነበር። መደርደሩን አልወደድኩትም። መደርደር ማለት ያቺኑ ጣት ያቺው አውታር ላይ፣ «አይ፣ ደግሚው»፣ «አሁንም ደግሚው» ነው። በገናውን በመጨረሻ የጎረቤቴ ልጅ ወሰደችው። አስራ አምስት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ስትደረድር ይሰማኛል፤ አራት ድምፅ፣ ያቺኑ አራት ድምፅ። እናቷ «ኧረ ሌላ ዜማ የለሽም ወይ! ጭንቅላቴ ዞረ!» እያለች ትጮኻለች። ልጅቷ ስትሳሳት ትስቅና እንደገና ትጀምራለች። ማንም አያያትም፤ ነጭም አልለበሰች። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው።

እንግዲህ ያቺን የአምናዋን እንቅልፍህን ሳነብ የእኔ ስምንተኛ ቀን ትዝ አለኝ።

ግን ቆይ። እዚህ ጋ ቶሎ መፍረድ አልፈልግም። ሰው የሚፈራው ነገር ሲቀርለትም እፎይ ይላል። ፍርሃትና አለመፈለግ ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። አንዲት የማውቃት ነርስ መኪና መንዳት ትማር ነበር። አስተማሪው በቀረ ቁጥር «ተመስገን» ትላለች። ባሏ «ካልፈለግሽው ተይው፣ ገንዘባችንን አታቃጥይ» ይላታል። ነገር ግን ባሏ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን አይቼዋለሁ። ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይረግጣል። «አሁን ለምን ማርሽ ቀየርክ?» ትለዋለች። «እሱ ሰውዬ መብራት ሳያሳይ ገባ» ትላለች። ሴትየዋ ሳትነዳ እየነዳች ነው! ዛሬ እሷ ነች ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው። የሚፈራ ሰው ነገሩን አይለቀውም፤ ዙሪያውን ይዞረዋል። ከሩቅ ሆኖ ዝርዝሩን ይለቅማል። የማይፈልግ ሰው ግን ቀኑ እስኪደርስ ጭራሽ አያስታውሰውም።

ያንተ እግር የት ነው የሚረግጠው? ደልፍት ላይ አላየሁትም። ሌላ ቦታ ግን አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ «ይኼ እንኳን ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ብለህ የጀመርከው አንቀጽ አለ። ለመስክ ወጥተህ ከላይኛውና ከታችኛው መንደር የመጡ ገበሬዎች በመስኖ ተራ ሲጣሉ የደረስክበት። ውሃውን የሚያካፍሉት የውሃ አባት፣ ሽማግሌው፣ የዛፍ ጥላ እያዩ «በቃ፣ አሁን ወደታች ልቀቀው» የሚሉት። አንተ መለኪያህን ተክለህ፣ ጭቃው እስከ ጉልበትህ ደርሶ፣ ቁጥርህን ስታወጣ የሽማግሌው ክፍፍል ካንተ ስሌት ጋር ለጥቂት ብቻ ተለያየ። «እስከ ማታ ብቻዬን ሳቅኩ» ብለሃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ፣ ማንም ሳይልክህ፣ በራስህ ትራንስፖርት ተመለስክ። ለምን? «በክረምት ጥላ በሌለበት ቀን እንዴት እንደሚያደርጉ ልጠይቃቸው።»

ያ አንቀጽ ውስጥ አንድም ነጠላ ሰረዝ የለም። ትንፋሽህን ሳትወስድ ነው የጻፍከው። በቅዳሜ፣ በራስህ ሳንቲም፣ ጭቃ ውስጥ፣ ፎቶ ሳትነሳ። ዱካ ማለት ይኼ ነው።

«ስለዚህ ውጭውን ተወው፣ ጥሪህ መስኖ ነው» ልልህ አይደለም። እንደዚያ ዓይነት ምክር የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ደፋሮች ናቸው። እኔ የምልህ ሌላ ነው። ሦስቱን የድርሰት መስመሮች ልከህልኛል። «ለአገሬ ልማት የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት» ይላል። ይኼን ዓረፍተ ነገር ማን ያልጻፈው አለ? ከሱ በኋላ ምን ሊጻፍ ይችላል? ድርሰቱ የቆመው አንተ ሰነፍ ሆነህ ሳይሆን መስመሩ የትም ስለማያደርስ ነው። የሽማግሌውን ጥላ ግን አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፈህበት አልጨረስከውም። ምናልባት ደልፍት መሃሉን የሚያገኘው እዚያ ጋ ነው። «ይኼ ሰውዬ ያለ መለኪያ እንዴት ልክ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀዝቃዛውን ዳቦ ይበላዋል። ወይም ደግሞ ጥያቄው ደልፍት ድረስ ሳይወስድህ እዚሁ ይመለስ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ማየት አልችልም፤ አንተ ግን ትችላለህ።

ሌላ የተቋጠረ ነገር አለ፤ እሱንም እንፍታው። «እናቴን ቤት ልሠራላት» የምትል ቃል በአንድ ጥግ ጥለህ አልፈሃል። እሱ ደልፍት አይደለም። የተማሪ ድጎማ ቤት አይሠራም፤ ሄደው ያዩት ይነግሩሃል። እናትህን መርዳት ከሆነ ፍላጎትህ፣ መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም አሁን ካለህበት መሥሪያ ቤት ወደሚሻል ደመወዝ መዛወር ነው። «ከዚህ አገር መውጣት ብቻ ነው የምፈልገው» ከሆነም ነውር የለበትም፤ ብዙ ሰው ይፈልጋል። እሱም ግን ማስተርስ አይደለም። ዲቪ የሚሞላ ሰው ስለ ጎርፍ ድርሰት አይጠየቅም። ስኮላርሺፑ ደግሞ አንዳንዱ መልሶ ያመጣሃል፤ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ለምሳሌ ተምረህ ስትጨርስ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገርህ እንድትመለስ ግዴታ ያስገባሃል። መማር የሚፈልግና መውጣት የሚፈልግ ሰው የሚሞሉት ቅጽ የተለያየ ነው። አንተ ሦስት አራቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ከተህ «ደልፍት» የሚል ስም ለጥፈህበታል። ከረጢቱ ከብዶህ ቢቆም አይገርምም።

እና ምን ታድርግ?

አልጋ ግዛ። እየቀለድኩ አይደለም። ተራ የእንጨት አልጋ፤ ብትሄድ ትሸጠዋለህ፣ ወይ ለታናሽህ ትሰጠዋለህ። ብረት ምጣድና ሁለት ወንበርም ጨምር። ያን በር ሥር አቁመህ ካውያ የምታስቀምጥበትን ሻንጣ ቁም ሳጥን ላይ ስቀለው። ሦስት ወር «የማይሄድ ሰው» ሆነህ ኑር። ፍላጎትህ የእውነት ከሆነ አልጋ አይገድለውም፤ አልጋህ ላይ ተጋድመህም ይቆረቁርሃል። በሁለተኛው ሳምንት ደልፍት የሚባል ከተማ ከረሳህ ግን ያው ታውቃለህ።

ከዚሁ ጎን ለጎን መሃሉን ቅመሰው። ደልፍት ያለው የውሃ ትምህርት ተቋም ራሱ በኢንተርኔት በነፃ የለቀቃቸው ትምህርቶች አሉ። ለሦስት ሳምንት፣ ከሥራ መልስ፣ በቀን አንድ ሰዓት ተቀመጥባቸው። ማመልከቻውን አትንካ፣ ድርሰቱን አትክፈት። ትምህርቱን ብቻ። ሁለት ነገር ግን አደራ፦ ለማንም አትናገር። ለእናትህም፣ ለጓደኞችህም፣ ፌስቡክ ላይም። አንዳንዱ ነገር የሚጣፍጠው ሲወራ ብቻ ነው፤ ወሬውን ስትቀንስለት ምን እንደሚቀር እይ። ሁለተኛ፣ ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ አቁም። ከዚያ አራተኛውን ሳምንት ተመልከት። እኔ አላዘዝኩህም፣ ማንም አያይህም። ማክሰኞ ማታ ደክሞህ ገብተህ፣ መብራት ጠፍቶ መጥቶ፣ ላፕቶፕህን ከፍተህ ያቆምክበትን ትፈልጋለህ? መጀመሪያ የምታየው ነገር አሰልቺ ስለሆነ አትደንግጥ፤ የምትወደውም ነገር ያሰለቻል። የጎረቤቴ ልጅም ታዛጋለች። ዋናው ተመልሰህ መቀመጥህ ነው።

እናትህን በተመለከተ ብዙ አትጨነቅ። ሰባት ዓመት «ሊሄድ ነው» የተባለን ልጅ ዕድርተኛው ቆጥሮታል፤ እናትህም ያውቃሉ። «እማዬ፣ የተቆረጠ ቀን የለም፤ ሲኖር መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው» በላቸው። ይቆጡ ይሆናል። ከዚያ ቡና ያፈላሉ። አልጋ መግዛትህን ሲሰሙ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ የሚላቸው እሳቸው ናቸው፤ የትኛዋ እናት ናት ልጇ መሬት ላይ እንዲተኛ የምትፈልግ?

ስለ ልጅቷ። ይኼን መጨረሻ ያደረግኩት አንተም መጨረሻ ላይ፣ በሁለት መስመር ስላለፍካት ነው። የአይኤልትስህን ቀሪ ጊዜ በቀን ቆጥረህ ጽፈህልኛል፤ 118። የእሷን ጥያቄ ግን «ከአራት ወር በፊት ገደማ» ብለሃል። እሷ ቀኑን ታውቀዋለች፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደጠየቀችህና ምን ለብሰህ እንደነበርም። ዛሬ ማታ ደውልላት። መልስ ከሌለህ «አላውቅም» ብለህ ጀምር፤ ያቺን ‹ፕሮሰስ› የምትባል ቃል ብቻ እንዳታነሳ። ቅዳሜ አልጋ ልትገዛ እንደምትወጣ ንገራትና አብራህ መጥታ መምረጥ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት።